ባለቤቴ ላይ ቂጥኝ ተገኘ፤ እኔ ግን ምንም ምልክት የለኝም

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ዕድሜዬ 31 ነው። ከተጋባን 4 ዓመታችን ነው። ከሠርጋችን በፊት ቤተ ክርስቲያን የምርመራ ወረቀት አምጡ ስላለችን ተመርምረን ሁለታችንም ነፃ ናችሁ ተብለናል። አሁን ባለቤቴ የ4 ወር ነፍሰ ጡር ናት። ጤና ጣቢያ ለክትትል ስትሄድ ጣቷን ወግተው መረመሯትና “ቂጥኝ አለብሽ፣ ባልሽን ይዘሽ ነይ” አሏት። እሷም እኔም ምንም ምልክት የለንም። እኔ ከ2 ዓመት በፊት ሽንቴን ያቃጥለኝ ነበር፣ ትንሽ መግልም ነበረው። ከፋርማሲ እንክብል ገዝቼ በ3 ቀን ድኛለሁ። የምንኖረው ኪራይ ቤት ነው፤ ሽንት ቤቱን ከ4 አባወራ ጋር እንጋራለን። አንድ ዘመዴ ከዚያ ይዟት ነው ይለኛል። ምርመራው ተሳስቶ ይሆን? ካልተሳሳተስ ከሁለታችን ማን አመጣው? እሷ መርፌው ልጁን ይጎዳብኛል ብላ ፈርታለች። በእንክብል መተካት አይቻልም?

ምላሽ፦ ከመጨረሻው ጥያቄህ ልጀምር፤ ጊዜ የማይሰጠው እሱ ነው። አይቻልም። በእንክብል አይተካም። መርፌው ልጁን አይጎዳም፤ ቂጥኙ ግን ይጎዳዋል። በእርግዝና ያልታከመ ቂጥኝ፣ በተለይ ከያዘ ብዙ ካልቆየ፣ ከግማሽ በሚበልጡት እርግዝናዎች ላይ ጉዳት ያደርሳል። ፅንሱ ይጨነግፋል፣ ወይም ሕይወቱ ያለፈ ልጅ ይወለዳል፣ ወይም ያለ ጊዜው ወይም በሽታውን ይዞ ይወለዳል። ባለቤትህ ገና አራተኛ ወሯ ላይ መሆኗ ትልቅ ዕድል ነው። ሕክምናው ቢዘገይ ቢዘገይ ከመውለዷ 30 ቀን በፊት መጀመር አለበት። እናንተ ከዚያ በላይ ብዙ ጊዜ አላችሁ። በክርክር ካልጨረሳችሁት ማለቴ ነው።

መርፌው ቤንዛታይን ፔኒሲሊን ይባላል። ፔኒሲሊን ቂጥኝን ማከም የጀመረው በፈረንጆቹ 1943 ነው። ከ80 ዓመት በላይ አልፎታል፤ የቂጥኝ ተሕዋስ ግን እስካሁን ፔኒሲሊንን አልተላመደም። በእኛ ሙያ እንዲህ ያለ ነገር ብዙ አይገጥምም። ለነፍሰ ጡር ደግሞ ሌላ ምርጫ የለም። ሌላ ሰው ላይ ቢሆን ፔኒሲሊን የማይስማማው በዶክሲሳይክሊን ሊታከም ይችላል፤ ለነፍሰ ጡር ግን አይሰጥም። አዚትሮማይሲን እንግዴ ልጁን አልፎ ፅንሱን በበቂ ሁኔታ አያክምም፤ የለመደው ቂጥኝም በብዙ አገር ታይቷል። ስለዚህ ፋርማሲ ውስጥ “ይህም ያው ነው” ብሎ ሌላ መድኃኒት የሚሰጥህ ሰው ካለ፣ አመስግነህ ውጣ። ባለቤትህ ከዚህ በፊት ፔኒሲሊን ወስዳ ሰውነቷ አብጦ ወይም ትንፋሽ አጥሯት የሚያውቅ ከሆነ ግን መርፌው ሳይሰጣት ትናገር። ያኔም ቢሆን መድኃኒቱ አይቀየርም። ሆስፒታል ውስጥ፣ በቅርብ ክትትል፣ ሰውነቷን በጥቂት በጥቂቱ አለማምደው ይሰጧታል።

በሽታው ከያዛት ስንት ጊዜ እንደሆነው ስለማይታወቅ፣ ሦስት ጊዜ መወጋቷ አይቀርም፤ በየሳምንቱ አንድ። ቀን አትዝለል። በመሃል ካራዘመች እንደገና ከመጀመሪያው ሊያስጀምሯት ይችላሉ። መርፌው ያማል፤ ይህን መደበቅ አልወድም። ዱቄቱ ሲበጠበጥ እንደ ወተት ነጭ፣ ወፈር ያለ ፈሳሽ ይሆናል። በቀጭን መርፌ አይገባም። ነርሶች ለሁለት ከፍለው በግራና በቀኝ መቀመጫ ላይ ይወጋሉ። ለአንድ ሁለት ቀን ስትቀመጥ ጎንበስ ቀና ማለቷ አይቀርም። በተወጋች በ24 ሰዓት ውስጥ ደግሞ ሊያተኩሳት፣ ሊያንቀጠቅጣት፣ ራሷን ሊያማት ይችላል። ብዙ ሰው “መርፌው ጠላኝ” ብሎ ሁለተኛውን ሳይወጋ የሚቀረው እዚህ ላይ ነው። መርፌው አልጠላትም። ተሕዋሱ በብዛት ሲሞት ሰውነት የሚሰጠው ምላሽ ነው፤ በአንድ ቀን ያልፋል። ነፍሰ ጡር ስለሆነች ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። ምጥ የመሰለ ቁርጠት ከመጣ፣ ደም ካየች፣ ወይም የልጁን እንቅስቃሴ መስማት ከጀመረች በኋላ ከቀነሰባት፣ ሌሊትም ቢሆን ጤና ተቋም ትሂድ።

ጠበል የምትሄዱ ከሆነ ሂዱ፤ እኔ አልከለክልም። መርፌውን ግን ለጠበል ብላችሁ አታቁሙ።

አሁን ወደ ሽንት ቤቱ። ይህ ሽንት ቤት ስንት ትዳር እንዳዳነ ፈጣሪ ይወቅ። በሥራ ዘመኔ በሰማሁት መጠን ከሆነ ግማሹ የከተማው ሰው በሽታ የያዘው ከዚያ ነው። ጨረቃ ላይ ሸንቼ ነው የሚልም አለ። የጋለ ድንጋይ ላይ ሸንቼ የሚልም አለ። እውነቱ ሌላ ነው። የቂጥኝ ተሕዋስ ከሰው አካል ሲወጣ ወዲያው ይሞታል። ሲደርቅ፣ ሳሙና ሲነካው አይችልም። ከሽንት ቤት፣ ከሳፋ፣ ከፎጣ፣ ከማንኪያ ቂጥኝ አይይዝም። የሚተላለፈው አንዱ ሰው ላይ ያለው ቁስል ወይም እርጥብ ሽፍታ የሌላውን ስስ ቆዳ ሲነካ ነው። በብልት፣ በአፍ፣ በፊንጢጣ የሚደረግ ግንኙነት ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባል። ከናፍር ላይ ቁስል ካለ መሳሳምም ሊያስተላልፍ ይችላል። ሌላው መንገድ ከእናት ወደ ፅንስ ነው።

ይሁን እንጂ “ከዕቃ ምንም አይያዝም” ብዬም አላልፍም፤ ያ ሌላ ስህተት ነው። የጉበት ቫይረስ የምንለው ሄፓታይተስ ቢ በደረቀ ደም ውስጥ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል። በግንኙነት ይተላለፋል፤ ግን ምላጭ፣ የጥርስ ብሩሽና ያልጸዳ መርፌ በመጋራትም ይተላለፋል። እከክና የብልት አካባቢ ቅማል ከሚጋሩት አልጋና ልብስ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ከጎረቤት ጋር ሽንት ቤት ተጋራ፤ ምላጭ አትጋራ።

ዋናው ግራ መጋባት ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው። “ምንም ምልክት የለንም” ብለሃል። ይህን ዓረፍተ ነገር እንደ ማስረጃ ነው ያቀረብከው። ማስረጃ አይሆንም። አባላዘር የሚለው ቃል ራሱ ሳያሳስተን አይቀርም። “አባለ ዘር” ማለት የዘር አካል ማለት ነው። ስሙን የሰማ ሰው በሽታው ብልት ላይ ካልታየ የለም ብሎ ያስባል። ቂጥኝ ግን እዚያ የሚቆየው ለጥቂት ሳምንት ብቻ ነው። ከተያዙ ከ10 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሦስተኛው ሳምንት አካባቢ፣ በገባበት ቦታ አንዲት ቁስል ትወጣለች። ጠርዟ ጠንከር ያለ፣ ስትነካ የማታም። ጉዱ ያለው አለማመሟ ላይ ነው። ሴት ላይ ከሆነ የማህፀን በር ወይም የብልት ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ልትወጣ ትችላለች፤ ማንም አያያትም። ወንድም ቢሆን ሸለፈት ሥር ወይም አፍ ውስጥ ስትሆን ልብ አይላትም። ከ3 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ ያለ ምንም መድኃኒት ትድናለች። ሰውየው ዳንኩ ይላል። ተሕዋሱ ግን በደም ገብቷል።

ከሳምንታት በኋላ ሽፍታ ይመጣል። ብዙ ጊዜ አያሳክክም። መዳፍና የእግር ውስጥ ላይ ቀላ ወይም ጠቆር ያሉ ነጠብጣቦች ከታዩ፣ የቆዳ ሐኪም መጀመሪያ የሚያስበው ቂጥኝን ነው። አንዲት ታካሚ አስታውሳለሁ፤ ለእጇ ነጠብጣብ የሳሙና አለርጂ ነው ተብላ ሦስት ዓይነት ቅባት ቀያይራለች። ቅባቶቹን በፌስታል ይዛ መጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደረቻቸው። ጫማሽን አውልቂ አልኳት። የእግሯ ውስጥም ያው ነበር። እግሯን ሳሙና አልነካውም። ይህም ሽፍታ ቢሆን በራሱ ይጠፋል። ከዚያ ለዓመታት ጸጥ የሚል ጊዜ ይመጣል፤ በደም ምርመራ ካልሆነ አይታወቅም። ካልታከሙት ሰዎች በአንዳንዶቹ ላይ ከብዙ ዓመት በኋላ ልብን፣ ትልቁን የደም ሥርና አንጎልን ይጎዳል። ዓይንና ጆሮን ግን ብዙ ሳይቆይም ሊነካ ይችላል።

ስለዚህ ሁለታችሁም ደህና ሆናችሁ ሁለታችሁም ቂጥኝ ሊኖርባችሁ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት በፈረንጆቹ 2022 ብቻ 8 ሚሊዮን የሚሆኑ አዋቂዎች አዲስ በቂጥኝ ተይዘዋል ይላል። አብዛኞቹ እንዳንተ ምንም የለኝም የሚሉ ሰዎች ናቸው።

የሠርጉ ወረቀት ላይ አንድ ነገር ልጠይቅህ። የተመረመራችሁት ምን ነበር? ገምቼ ልንገርህ፤ ኤችአይቪ ብቻ ነው። በአገራችን ለጋብቻ የሚጠየቀው ምርመራ በአብዛኛው እሱ ነው። “ነፃ ናችሁ” ሲባል ሰው ከሁሉም ነፃ የሆነ ይመስለዋል። ቂጥኝ አልታየም። ጨብጥ አልታየም። የጉበት ቫይረስ አልታየም። በነገራችን ላይ የኤችአይቪውም ወረቀት የሚናገረው ስለዚያን ጊዜ ነው፤ ያውም ከምርመራው በፊት ያሉትን 3 ወራት ሙሉ በሙሉ ላያሳይ ይችላል። የ4 ዓመት ወረቀት ዛሬ ላይ ዋጋ የለውም።

ምርመራው ተሳስቶ ይሆን ወይ ላልከው፣ አልፎ አልፎ ይሳሳታል፤ ግን በዚህ ላይ አትንጠልጠል። ጣት ተወግቶ በደቂቃዎች ውስጥ የሚታየው ፈጣን ምርመራ የሚያሳየው ሰውነት ቂጥኝን የሚያውቅ መሆኑን ነው። አንዴ አዎንታዊ ከሆነ፣ ታክሞ የዳነ ሰው ላይም ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ልክ አዎንታዊ ሆኖ ይቀራል። ባለቤትህ ከዚህ በፊት ለቂጥኝ በመርፌ ታክማ የምታውቅ ከሆነ ለሐኪሙ ትንገር፤ ነገሩን ይቀይረዋል። ቪዲአርኤል ወይም አርፒአር የሚባለው ሌላው የደም ምርመራ በሽታው አሁን ያለውን ጉልበት በቁጥር ያሳያል። 1 ለ 32፣ 1 ለ 8 እየተባለ የሚጻፈው እሱ ነው። ይህኛው በእርግዝናም ሆነ በወባ ምክንያት ዝቅ ባለ ቁጥር ሊሳሳት ይችላል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲታዩ ጥሩ ሥዕል ይሰጣሉ። ነፍሰ ጡር ላይ ግን ሁለተኛው ውጤት እስኪመጣ መርፌው አይጠበቅም። በመጀመሪያው ውጤት ይወጋል፣ ማረጋገጫው ከኋላ ይመጣል። በከንቱ ብትወጋ የምታጣው የሁለት ቀን የመቀመጫ ሕመም ነው። ሳትወጋ ብትቀር የሚታጣው ምን እንደሆነ ከላይ ጽፌዋለሁ።

ማን አመጣው? ወንድሜ፣ ይህን የሚነግርህ ምርመራ የለም። ላብራቶሪው ስም አይጽፍም። ሁለት ነገር ብቻ እነግርሃለሁ። አንደኛ፣ ቂጥኝ በግንኙነት በደንብ የሚተላለፈው በመጀመሪያው አንድ ሁለት ዓመት ነው፤ ወደ ፅንስ ግን ከዚያ በኋላም ለዓመታት ሊያልፍ ይችላል። እሷ ከአንተ በፊት፣ ምናልባት ሳታውቀው፣ ይዟት ከነበረ አንተን ሳይነካህ ሊቀር ይችላል። እንዲያውም አንተ ተመርምረህ ነፃ ብትባል ትርጉሙ “ማግጣለች” አይደለም። ሁለተኛ፣ አንተ ላይም ቢገኝ መጀመሪያ የያዘው ማንን እንደሆነ አይታወቅም። አንተም ሳታውቀው ይዘኸው ገብተህ ሊሆን ይችላል። ነፍሰ ጡሮች የሚመረመሩት ክትትል ስለሚሄዱ ነው። ወንዶች አይሄዱም፤ ስለዚህ በሽታው ሁልጊዜ መጀመሪያ “የሚገኘው” ሚስት ላይ ነው። ቀድሞ የተገኘበት ሰው ቀድሞ ያመጣው ሰው አይደለም። “ባልሽን ይዘሽ ነይ” ተብላ ወደ ቤት ስትመለስ ምን ተሸክማ እንደመጣች አስብ። ብዙ ሴቶች ይህን ለባላቸው ለመንገር ፈርተው መርፌውን በድብቅ ተወግተው ይሄዳሉ። ባልየው ሳይታከም ይቀራል። ከወር በኋላ ተመልሶ ይይዛታል። ባለቤትህ ነግራሃለች። ጎበዝ ናት።

አሁን ዘወር ብለህ ያለፍካትን አንዲት ዓረፍተ ነገር ላንሳ። ከ2 ዓመት በፊት ሽንት አቃጠለኝ፣ መግል ነበረው ብለሃል። ከተጋባችሁ 4 ዓመት ነው። ሒሳቡን አንተው ሥራው። ያ ቂጥኝ አልነበረም፤ ቂጥኝ ሽንት አያቃጥልም፣ መግልም የለውም። የገለጽከው ጨብጥን ነው፣ ወይም ክላሚዲያን፣ ወይም ሁለቱን፤ አብረው መምጣት ይወዳሉ። ጨብጥ ወንድ ላይ ችኩል ነው፤ ከተያዘ ከ2 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ይታያል። ክላሚዲያ ዘገምተኛ ነው፤ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ይፈጃል፣ ከወንዶቹ ግማሽ ያህሉ ላይ ጭራሽ አይታይም። ሴቶች ላይ ደግሞ ክላሚዲያ ከ10 ሰባትና ስምንቱ ላይ ምንም ምልክት አያሳይም። ጨብጡም በግማሾቹ ወይም ከዚያ በላይ በሆኑት ላይ ዝም ይላል።

“በ3 ቀን ድኛለሁ” ያልከው ላይ እርግጠኛ አይደለሁም። ጨብጥ ፔኒሲሊንን ለምዷል፣ ቴትራሳይክሊንን ለምዷል፣ ሰው ፋርማሲ ሄዶ በስም ጠርቶ የሚገዛውን ሲፕሮንም በብዙ ቦታ ለምዶታል። ዛሬ የሚታመንበት ሴፍትራያክሰን ነው፤ እሱም መርፌ ነው። መጠኑን እዚህ አልጽፍም። ከጻፍኩት ነገ ቆርጠው ይዘው ፋርማሲ የሚሄዱ ሰዎች አውቃለሁ። ያለ ቅጡ የተወሰደ አንቲባዮቲክ መግሉን አድርቆ ተሕዋሱን ሊተወው ይችላል። መግል መድረቅ ሌላ፣ መዳን ሌላ። ከሁሉ በላይ ግን፣ አንተ እንክብሉን ስትውጥ ባለቤትህ ምንም አልወሰደችም። ታዲያ ያ በሽታ እሷ ላይ አልፎ ከነበረ የት ሄደ? ሳይታከም ወደ ማህፀንና ወደ ማህፀን ቱቦ ሊወጣ ይችላል። የታችኛው ሆድ ሕመም፣ ከማህፀን ውጭ እርግዝና፣ መካንነት ያመጣል። እሷ ማርገዟ ደስ ይላል፤ ነገር ግን በወሊድ ጊዜ ወደ ልጁ ዓይን ሊያልፍ ይችላል። ልጅ እንደተወለደ አዋላጇ ዓይኑ ላይ የምትቀባው ቅባት አለ፤ ቲቲሲ ይሉታል። ብዙ እናቶች ለምን እንደሆነ አያውቁም፤ “ዓይኑን አታጨማልቁብኝ” የሚሉም አሉ። የሚቀባው ጨብጥ ሕፃኑን ዓይነ ሥውር እንዳያደርገው ነው።

ስለዚህ ጤና ጣቢያ ስትሄድ ስለ ቂጥኝ ብቻ አታውራ። የ2 ዓመቱንም ተናገር። በአገራችን በብዙ ጤና ጣቢያ ለክላሚዲያ የተለየ ምርመራ አይገኝም፤ ባለሙያው የምትነግረውን ምልክት ይዞ ነው የሚያክመው። የደበቅከው ነገር አይታከምም። ለባለቤትህ መንገርም ያንተ ዕዳ ነው። ከፈለግህ ባለሙያው ባለበት ንገራት፤ ይህን እንድናግዝ የሚጠይቁን ባልና ሚስት ብዙ ናቸው።

ስለ ሌሎቹ በአጭሩ። ትሪኮሞናስ በዓለም ላይ ከሚድኑት የአባላዘር በሽታዎች ሁሉ በብዛት ቀዳሚው ነው። ሴቷ ላይ ሽታ ያለው ፈሳሽና ማሳከክ ያመጣል፤ ወንዱ ላይ በአብዛኛው ዝም ብሎ ይቀመጣል። በሜትሮኒዳዞል ይድናል፤ ሁለቱም አብረው ከወሰዱ። ሴቷ ብቻ ደጋግማ የምትታከምበት ቤት ካለ ችግሩ ያልታከመው ባል ነው።

ቫይረሶቹ ሌላ ነገር ናቸው። ኸርፐስን ታውቀዋለህ፤ በሌላ ስሙ። ትኩሳት ወይም ፀሐይ ሲመታን ከንፈር ጠርዝ ላይ ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ ቁስሎች ሲወጡ “ምች መታኝ” ብለን ዳማከሴ እናሻለን። ያ ኸርፐስ ቁጥር 1 ነው፤ ብዙዎቻችን በልጅነት ይዞናል። የእሱ ዘመድ ቁጥር 2 ብልት ላይ ይወጣል። ቁጥር 1ም ቢሆን በአፍ በሚደረግ ግንኙነት ወደ ብልት ይሄዳል። አንዴ ከገባ ከሰውነት አይወጣም፤ እየተኛ ይነሳል። ቁስል በሌለበት ቀንም ሊተላለፍ ይችላል። መድኃኒት ጉልበቱን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ባለቤትህ ልትወልድ ስትል አዲስ የሚያምና ውሃ የቋጠረ ቁስል ብልቷ ላይ ካየች፣ ለአዋላጇ ሳትነግር ምጥ ቤት አትግባ።

ኤችፒቪ የሚባለው፣ ብልት ላይ ኪንታሮት የሚያወጣው ቫይረስ በቆዳ ንክኪ ስለሚተላለፍ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ያላገኘው ጥቂት ሰው ነው። አብዛኞቻችን ላይ በራሱ ይጠፋል። ከዝርያዎቹ 16 እና 18 የተባሉት ሲከርሙ ግን ወደ 70 በመቶ ለሚሆነው የማህፀን በር ካንሰር ምክንያት ናቸው። በአገራችን ለልጃገረዶች ክትባቱ የተጀመረው በ2011 ዓ.ም. ነው። እህት፣ የእህት ልጅ ካለችህ አስከትብ። ባለቤትህም 30 ዓመት ሲሞላት የማህፀን በር ቅድመ ምርመራ ታድርግ። ለጉበቱም ቫይረስ ክትባት አለ። ሕፃናት ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ እየተከተቡ ነው፤ እኔና አንተ ግን ከዚያ በፊት ስለተወለድን አምልጦናል። ተመርምረህ ከሌለብህ ተከተብ። ኤችአይቪን ደግሞ እንደገና ተመርመሩ፤ የአባላዘር ቁስል በር ይከፍትለታል። ቢገኝ እንኳ መድኃኒቱ በነፃ ይሰጣል። በደንብ የሚወስድና ቫይረሱ በደሙ ውስጥ የማይታይ ሰው በግንኙነት አያስተላልፍም።

ኮንዶም ለጨብጥ፣ ለክላሚዲያና ለኤችአይቪ ጥሩ አጥር ነው። ለኸርፐስ፣ ለኤችፒቪና ለቂጥኝ ግን የሸፈነውን ብቻ ነው የሚጠብቀው። ይቀንሳል፤ ጨርሶ አይዘጋም።

እንግዲህ ምክሬ ይኸው። በዚህ ሳምንት፣ ነገ ከሆነ ደግሞ የተሻለ፣ ሁለታችሁም አብራችሁ ሂዱ። እሷ የመጀመሪያውን መርፌ በዚያው ቀን ትወጋ። አንተም ተመርመር፤ ውጤትህ ነፃ ቢሆንም “እኔም ልታከም” በል። ቂጥኝ ደም ውስጥ ለመታየት ሳምንታት ሊፈጅበት ስለሚችል፣ ባለፉት 3 ወራት ከታመመ ሰው ጋር ግንኙነት የነበረው ነፃ ቢባልም ይታከማል። ሁለታችሁም መርፌያችሁን ጨርሳችሁ አንድ ሳምንት እስኪያልፍ ግንኙነት ይቅር። ከጋብቻ ውጭ ሌላ ሰው ካለ ወይም ከነበረ፣ ለኔ መንገር የለብህም። ለዚያ ሰው ግን ተመርመር በለው።

ከመውጣታችሁ በፊት የቪዲአርኤሉን ቁጥር በወረቀት አስጽፋችሁ ከክትትል ካርዷ ጋር አያይዙት። በኋላ ሲደገም ቁጥሩ በአራት እጅ መውረዱ ነው መድኃኒቱ እንደሠራ የሚያሳየው፤ ለምሳሌ ከ1 ለ 32 ወደ 1 ለ 8። የመጀመሪያው ቁጥር ከጠፋ ሁለተኛውን የምናነጻጽርበት የለም። ስትወልድ ያንኑ ካርድ ይዛችሁ ግቡ። ሕፃኑ ጤነኛ ቢመስልም፣ እናቱ በእርግዝና ለቂጥኝ እንደታከመች ለሕፃናት ሐኪሙ ንገሩትና ደሙ ይታይ።